በዳቦ ቤቱ በኩል ያለው አጥር

ጥቅምት 4

ለቀድሞ አለቃዬ፣ ለጋሼ፤

ሰላምታዬ ይቅደምልኝ። ወቀሳ ይከተላል ካሉ አንገቴን ደፍቼ እቀበላለሁ፤ ሁለት ደብዳቤ ጽፈውልኝ አንዱንም ሳልመልስ ወር አልፏል። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ልጅዎ ዘንድ ከገቡ ወዲህ ደረጃው እንዳስቸገረዎት ጽፈው ነበር። ምድር ቤት ያለው ክፍል ይለቀቅልዎት እንጂ፤ አማች ይከፋዋል ተብሎ ጉልበት አይጣልም።

የሰሙት እውነት ነው። የከተማችንን የመናፈሻና የመዝናኛ ቦታዎች የአሥር ዓመት ፕላን እንዳዘጋጅ ወረቀቱ ለእኔ ተመርቷል። እርስዎ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ክፍሉን በውክልና ነበር የምመራው፤ አሁን ውክልናው ቀርቶ ራስ ምታቱ በስሜ ሆኗል። ከንቲባው የሚፈልጉት አዲስ ስታዲየም ነው። እኔ ደግሞ ያለንን ሳናውቅ አዲስ አንጨምር ባይ ነኝ።

«ከመሳልሽ በፊት ቁጭ ብለሽ ቁጠሪ» ብለው ባስተማሩኝ መሠረት ሐሙስ ዕለት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሬ ትልቁ መናፈሻ ዋልኩ። ወደ ውስጥ የገባው ስልሳ አንድ ሰው ነው። ከስልሳ አንዱ አሥራ አራቱ መጸዳጃ ቤት ፈልገው የገቡ ናቸው፤ መጸዳጃ ቤቱም ተቆልፎ ስለነበር እየተሳደቡ ወጡ። አጥሩን ታክኮ ያለፈው ሰው ግን ከአራት መቶ በላይ ነው። ከሦስቱ ዥዋዥዌዎች የሚሠራው አንድ ነው። መዋኛ ገንዳው እርስዎ እንደተዉት ደረቅ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ እንቁራሪት ይዋኝበታል።

አጥሩ እንዴት ነው ላሉኝ፣ ቀለሙ ደህና ነው።

የድሮ ንድፎቹን የት እንዳስቀመጧቸው ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ተማሪዎ


ጥቅምት 19

ልጄ፤

ደብዳቤሽ ዘግይቶም ቢሆን ደርሷል። ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ የወጣ ነው፤ አሁን ጥቅማ ጥቅም እየጠየቀኝ ነው። ምድር ቤት ያልሽው በልጅ ልጆቼ ብስክሌት ተይዟል።

ንድፎቹ አረንጓዴው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ታችኛው መሳቢያ ናቸው። ቁልፉ አልዞር ካለሽ በሩን ወደ ላይ ከፍ አድርገሽ አዙሪው።

ፕላኑን በተመለከተ ከየት ልጀምር ካልሽኝ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀምሪ። መጸዳጃ የሌለው መናፈሻ የግማሽ ሰዓት መናፈሻ ነው። ቀጥለሽ ውኃ፣ ከዚያ ጥላ። አበባው መጨረሻ ላይ ይምጣ። መናፈሻ ማርጀት የሚጀምረው ሪባኑ በተቆረጠ ዕለት ነው። መቀስ ለመያዝ ያልመጣ ከንቲባ አላየሁም፤ ግሪስ ለመቀባት የመጣም አላየሁም። ስለዚህ የዥዋዥዌውን ብሎን በየትኛው ቀን፣ ማን፣ በየትኛው መፍቻ እንደሚያጠብቀው ዥዋዥዌው ሳይገዛ በፊት ጻፊ። የሚያጠብቀው ሰው ካልተገኘ አትግዢ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ስለ አጥሩ ስጠይቅሽ ስለ ቀለም መለስሽልኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ አንቺ ስለ ቀለም ማውራት ስትጀምሪ ግድግዳው ተሰንጥቋል ማለት ነው። ምን ሆኗል?

የድሮ አለቃሽ


ኅዳር 2

ጋሼ፤

እጅ ከፍንጅ ያዙኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ነገሩ ይኸው፤ አጥሩ ይነሳ ብዬ ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ኮሚቴው ባለፈው ሳምንት ተቀብሎታል። እርስዎ ያሠሩት መሆኑን ስለማውቅ ነው አፌ የተሳሰረው።

ምክንያቴን ይስሙኝና ይፍረዱ። በሩ አንድ ነው። ከጀርባ ባለው ሠፈር የምትኖር እናት፣ መናፈሻው ከመስኮቷ እየታያት ልጆቿን ይዛ ለመግባት ሰባት መቶ ሜትር ትዞራለች። ዘበኛችን ጺሞ ደግሞ አውቶቡሱ እንዳያመልጠው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩን ይቆልፋል፤ ሰው ከሥራ ወጥቶ ሊያርፍ ሲመጣ ማለት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጃገረዶችን ለምን እንደማይገቡ ጠየቅኳቸው። አንዷ «ውስጥ ጎረምሳ ቢያስቸግረን በየት በኩል እንወጣለን?» አለችኝ። ግንቡ እስከ ደረት፣ ብረቱ ከዚያ በላይ ስለሆነ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚደርስበት ከመንገድ የሚያልፍ አያይም።

ማፍረሱ የሚጀመረው በዳቦ ቤቱ በኩል ነው። እግረኛ የሚበዛው እዚያ ነው።

ተቀይመውኝ ከሆነ በግልጽ ይጻፉልኝ።

ተማሪዎ


ኅዳር 11

ልጄ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለ በሩና ስለ ልጃገረዶቹ የጻፍሽው ትክክል ነው። እኔም ዛሬ ብሆን ይህንኑ እጽፍ ነበር።

በዳቦ ቤቱ በኩል ያለውን ግን አትንኪው። ይህ ትእዛዝ አይደለም፤ ጡረተኛ ትእዛዝ የለውም። ልመና ነው።

ቤተሰቡ ደህና ነው።

የድሮ አለቃሽ


ኅዳር 17

ጋሼ፤

እርስዎን አውቃለሁ፤ ከመለመን መታመም ይቀልዎታል። ስለዚህ ደብዳቤዎን አንብቤ ሲያበቃ ተነስቼ ግንበኞቹን ወደ ማዶ አዛወርኳቸው። ማፍረሱን ከጀርባው ሠፈር በኩል ጀምረዋል። ዳቦ ቤቱ ጋ የሚደርሱት በታኅሣሥ አጋማሽ ነው።

መዝገቡን አገላበጥኩት። ያገኘሁት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «በደረሰው አደጋ ምክንያት አጥር እንዲሠራ ተወስኗል» ይላል። ምን አደጋ? ጺሞን ብጠይቀው «እሱን ጋሼን ጠይቂ» አለኝና መጥረጊያውን አንስቶ ቀድሞ የተጠረገውን ቦታ መጥረግ ጀመረ።

ሌላ ሰው ጋ ሄጄ ከምጠይቅ ከእርስዎ ብሰማው ይሻለኛል። ፕላኑን የምፈርመው እኔ ነኝ፤ የማላውቀውን ነገር ላነሳውም ላስቀረውም አልችልም።

ተማሪዎ


ኅዳር 28

ልጄ፤

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። አሁንም ካልላክሁት አልልከውም።

የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ አንቺ ገና ትምህርት ቤት ሳለሽ፣ መናፈሻው ክፍት ነበር። ሣሩ እስከ አስፋልቱ ጫፍ ይደርስ ነበር። ለሥዕል የሚያምር ነገር ነው፤ እኔም እኮራበት ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ኳስ ተከትላ ወጣች። ዱቄት ወደ ዳቦ ቤቱ የሚያመላልሰው የጭነት መኪና ገጫት። እዚያው ሞተች።

እናቷ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሱቋ ከመንገዱ ማዶ፣ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ነው። ከቀብሩ በኋላ ወደ ቢሮዬ መምጣት ጀመረች። በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ምንም አትናገርም፣ በምሳ ሰዓት ተነስታ ትሄዳለች። እንዲህ አሥራ ዘጠኝ ቀን መጣች። አሥራ ዘጠኝ ቀን ደብዳቤ ስመራ፣ ስልክ ሳነሳ አየችኝ።

በመጨረሻ የመዋኛ ገንዳውን ማደሻ ገንዘብ አስቀርቼ አጥሩን አሠራሁበት። ገንዳው ለምን እንደደረቀ አሁን ታውቂዋለሽ። ሲሚንቶው በተራገፈ ዕለት ሴትዮዋ መምጣቷን አቆመች።

ከዚያ ወዲህ የሠራሁት ሁሉ ቢፈርስ ያ አጥር እስካለ ድረስ እንቅልፍ አላጣም። አሁን አወቅሽ። የፈለግሽውን አድርጊ።

የድሮ አለቃሽ


ታኅሣሥ 20

ጋሼ፤

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ስለነገሩኝም አመሰግናለሁ። በዳቦ ቤቱ በኩል ያለው አጥር እስካሁን ቆሟል፤ ሥራውን አስቁሜዋለሁ።

ልብስ ሰፊዋ በሕይወት አለች ወይ ብለው ሳያስቡ አይቀሩም። አለች። ሱቋም እዚያው ነው። ቀሚስ ላሰፋ ብዬ ሄድኩ። እጇ አሁንም የሚገርም ነው፤ ሜትሩን አንዴ ወገቤ ላይ ጣል አድርጋ «ከአምናው ጨምረሻል» አለችኝ። አምና አታውቀኝም። ጨርቁን ሰማያዊ መረጥኩ። መጀመሪያ ቡናማ አስቤ ነበር፤ እሷ ግን «ቡናማ ለቢሮ ወንበር ነው» አለች። እጅጌው እስከ ክርን እንዲሆን ተስማምተናል። ኪስ እንዲኖረው አጥብቄ ጠይቄያለሁ።

የመዋኛ ገንዳውን ቧንቧ አስፈትሸናል፤ ከስድስቱ አራቱ ይሠራሉ። የከተማዋን ዥዋዥዌና ሸርተቴ ሁሉ በቁጥር መዝግበን ለእያንዳንዱ የመፈተሻ ቀን አውጥተናል። ለብሎኖቹም ሰው ተመድቧል፤ ስሙን በትልቁ ጽፈን መጋዘኑ በር ላይ ለጥፈነዋል፤ እሱ እንደ ቅጣት ነው ያየው።

ቅዝቃዜው ለጉልበትዎ እንዳይከፋ ይጠንቀቁ።

ተማሪዎ


ታኅሣሥ 27

ልጄ፤

ግማሽ ገጽ ስለ ቀሚስ ጽፈሻል። ቀለም ቀርቶ ወደ ጨርቅ ገባን።

ሴትዮዋ ምን አለች?

የድሮ አለቃሽ


ጥር 6

ጋሼ፤

ልለካ የሄድኩ ዕለት ማን እንደሆንኩ አልነገርኳትም። ሁለተኛ ስሄድ ነገርኳት። አጥሩን ልናነሳው እንደሆነ፣ እሷን ሳልጠይቅ ግን እንደማላደርገው ነገርኳት። ስፌት መኪናዋን አቆመችና «ተቀመጪ» አለችኝ። የተባባልነውን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ።

«አጥሩን እኔ አልጠየቅኩም» አለች።

«ቢሯቸው አሥራ ዘጠኝ ቀን ተቀምጠው ነበር ተብያለሁ።»

«ተቀምጫለሁ። መንገዱን ብዬ ነው። ያ መንገድ ቀድሞ የሠፈር መንገድ ነበር፤ የጭነት መኪና ያስገቡበት በኋላ ነው። መኪናውን ከዚህ አስነሡልኝ ነው ያልኩት። እነሱ መናፈሻውን አጠሩት። ልጄን የገጫት መናፈሻው ነው እንዴ?»

አጥሩ ሲሠራ ለምን ዝም እንዳሉ እናትየዋን ጠየቅኳቸው። «ለማን ልናገር? ያዘነች ሴት ስትናገር ሰው ለቅሶዋን እንጂ ቃሏን አይሰማም» አሉኝ። ከዚያ ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። ስፌት መኪናው ፊት ተቀመጥኩ። ከዚያ ሆነው ቀና ሲሉ የሚታየው ግንቡ ብቻ ነው። «ድሮ ከዚህች ወንበር ሳልነሳ ስትጫወት አያት ነበር፤ ኋላም ቢያንስ ቦታዋን አያለሁ ብዬ ነበር» አሉኝ። ወንበሩን መለስኩላቸው። ሽቅብ ሳያዩ ወደ ኪሴ ስፌት ተመለሱ።

ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ላልጽፈው ፈልጌ ነበር። በዚያ በኩል የግንቡ መሠረት የተጣለው እግረኛ መንገዱ ላይ ነው። በንድፉ አንድ ሜትር ተኩል ይላል፤ በሜትር ስለካው የቀረው አርባ ሳንቲም ነው። ሰው የሚሄደው አስፋልቱ ላይ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ጋ ሄጄ ጠየቅኩ። አጥሩ ከተሠራ ወዲህ እዚያ ጥግ ላይ ሦስት ሰው ተገጭቷል። ሁለቱ ድነዋል። የመናፈሻ ጉዳይ ስላልሆነ ወደ እኛ መዝገብ የመጣ ነገር የለም።

እርስዎ ይህን እንደማያውቁ አምናለሁ።

ተማሪዎ


የካቲት 3

ልጄ፤

ወር ሊሞላ ነው፤ ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም። ሴት ልጄ ታሞ ይሆናል ብላ ሐኪም ጠርታ ነበር። ሐኪሙ ምንም የለውም አለ።

ሦስቱን ሰዎች አላውቅም ነበር። አርባ ሳንቲሙን ግን ማወቅ ነበረብኝ። መሠረቱ ሲጣል ቆሜ ነበር፤ ግንበኛው «ወደ ውስጥ ካስገባሁት የዛፎቹን ሥር እቆርጣለሁ» ሲለኝ «ወደ ውጭ አውጣው» ያልኩት እኔ ነኝ። ለዛፎቹ አዘንኩ።

ከዚህ የባሰ አለ። ሴትዮዋ ምንም አትናገርም ነበር ብዬ ጽፌልሻለሁ። ዋሽቻለሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ለራሴም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ገና በሩ ላይ ቆማ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «መኪናውን ከመንገዱ አስነሡልኝ» ብላኛለች። «መንገድ የሌላ ክፍል ነው» አልኳት። ዝም ያለችው ከዚያ በኋላ ነው።

የዳቦ ቤቱ ባለቤት የያኔው ከንቲባ አማች ነበር። ከእሱ ጋር መጋጨት አልፈለግኩም። አጥር ማንንም አያስቀይምም፤ በእጄም ነበር። በእጄ ያለውን ሠራሁና እሷ የጠየቀችው ነው አልኩ።

አሁን የምልሽን ያዢ። ንድፍ ቁጥር ሰባትን አውጪ። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ በእሱና በማተሚያ ቤቱ መሀል ሦስት ሜትር ተኩል ስፋት ያለው መተላለፊያ አለ። የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ባለቤቱ የተሰበረ ምድጃና ጎማ አከማችቶበት የግሉ ይመስላል እንጂ አይደለም። ዱቄቱ በዚያ መግባት ይችላል። ያኔም ይችል ነበር። መንገዱን ለመኪና ዝጊው። ኳስ ሜዳውን ከዳር አንስተሽ ወደ መሀል አምጪው። አጥሩን እስከ መሠረቱ ንቀይው፤ እግረኛ መንገዱን ሙሉውን መልሺ።

ይህን ደብዳቤ ለኮሚቴው ማንበብ ትችያለሽ፤ ሐፍረቱ የእኔ ነው። አብሮ የላክሁት የታሸገ ደብዳቤ ግን ለሴትዮዋ ነው። አንቺ እንዳታነቢው።

የድሮ አለቃሽ


መጋቢት 15

ጋሼ፤

ኮሚቴው ላይ ደብዳቤዎን አነበብኩት። የከንቲባው ጸሐፊ ማስታወሻ መያዟን አቁማ ነበር። ከዚያ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ልጅ፣ አሁን ሥራውን የያዘው፣ ተነሳና «ዱቄቱን ታዲያ በሰማይ ላምጣው?» አለ። ንድፍ ቁጥር ሰባትን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። መተላለፊያውን በጣቱ ተከተለ። «አባቴ የኛ ነው ይለኝ ነበር» አለ። የተሰበረውን ምድጃ ለማንሳት ሁለት ሳምንት ብቻ ጠየቀ፤ በአሥር ቀን አነሳው።

መንገዱ ከመጋቢት አንድ ጀምሮ ለመኪና ተዘግቷል። አጥሩም የለም። ከንቲባው ስታዲየሙን ወደ ሁለተኛው አምስት ዓመት ገፍተውታል፤ በፕላኑ የመጀመሪያ ገጽ ላይም «ማን እንደሚጠግነው ያልተጻፈለት ነገር አይሠራም» የሚል ዓረፍተ ነገር ገብቷል። ከእርስዎ የወሰድኩት ነው፤ ሳላስፈቅድ።

ከአባላቱ አንዱ መንገዱ በሕፃኗ ስም ይጠራ ብሎ ነበር። ወስጄ ለእናቷ ነገርኳቸው። «ስሟን ለእኔ ተዉልኝ። እናንተ መንገዱን ጠብቁ» አሉ። በዚሁ ተቀመጠ።

የእርስዎን ደብዳቤ መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው አነበቡት። ሁለት ጊዜ። ምን እንደጻፉ አላውቅም፤ ፊታቸው ላይም አላየሁም። አጥፈው ከክሮቹ ጋር አስቀመጡትና «ጉልበታቸው ከቻለ ይምጡና ይዩት» አሉኝ። ይቅር እንዳሉዎት ወይም እንዳላሉዎት ልነግርዎት አልችልም። ይህን ብቻ ነው ያሉት።

ተማሪዎ


ሚያዝያ 9

ልጄ፤

ከተማ ድረስ መጥቼ ቢሮሽ ሳልገባ በመመለሴ እንደተቀየምሽ ጺሞ በስልክ ነግሮኛል። አፉን ዘግቶ የኖረ ሰው አሁን በእርጅናው ተናጋሪ ሆኗል። አትቀየሚኝ። አንቺን ካየሁ ስለ ፕላኑ እናወራ ነበር፤ እኔ ደግሞ የመጣሁት ለዚያ አልነበረም።

እንዴት ሆነ ብለሽ በእሱ በኩል ላስጠየቅሽኝ፣ ያለ ጌጥ ልንገርሽ። በጠዋቱ አውቶቡስ ገባሁ። ሱቋ በር ላይ ስቆም ቀና ብላ አየችኝና በእግሯ አንድ በርጩማ ወደ እኔ ገፋች። ተቀመጥኩ። ይቅርታ ጠየቅኳት። «ጽፈውታል እኮ» አለችና መስፋቷን ቀጠለች። ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመቱ መሆኑን ነገረችኝ። ስለ ጉልበቴ ጠየቀችኝ።

መንገዱ እንዳልሽው ሆኗል። ልጆች ከመናፈሻው ወደ ዳቦ ቤቱ፣ ከዳቦ ቤቱ ወደ መናፈሻው ይሮጣሉ፤ ግራ ቀኝ የሚያይ አንድም የለም። ማየት እንደማያስፈልጋቸው አውቃለሁ። ቢሆንም አንድ ልጅ ኳስ ተከትሎ በሩጫ በወጣ ቁጥር እሷም እኔም ከመቀመጫችን ብድግ እንል ነበር። ከሰዓት በኋላ ላይ እሷ መነሳቱን ተወችው። እኔ ግን የአውቶቡሴ ሰዓት እስኪደርስ ስነሳ ስቀመጥ ዋልኩ።